ሦስት ሰው በአንድ ሣጥን

ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ነው፤ ወርኃ ጽጌ ተፈጽሞ፣ የስደቱ መታሰቢያ አብቅቶ፣ ጎንደሬ ነጭ ለብሶ ወደ ደብረ ፀሐይ የሚወጣበት ቀን። እኔ ግን የወጣሁት በማግስቱ ነው። ከበዓል ማግስት ያለ ደብር ደስ ይለኛል፤ ሕዝቡ ሲበተን የሚቀረው ጸጥታ ሌላ ጸጥታ ነው። ከባንክ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ ከፒያሳ በባጃጅ እስከ ኮረብታው ግርጌ ሄድሁና የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። በደረት ኪሴ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዣለሁ። ወረቀቱ ላይ ሁለት የፊርማ ቦታ አለ፤ አንዱ የእኔ፣ ሁለተኛው የእኅቴ። ሁለቱም ባዶ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ባለፈው ዓመት ከማረፏ በፊት ስትናዘዝ፣ «የአባታችሁን አፅም አምጥታችሁ ከእኔ ጋር አኑሩት» አለችን። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የተቀበረውም በሌላ ደብር ነው። በሁለቱ መቃብሮች መካከል ያለው ርቀት ግን የደብር ርቀት ብቻ አልነበረም። አባቴ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት የኖረው ከቤታችን ወጥቶ ነው። እኔ ያኔ ለትምህርት ርቄ ስለነበር ነገሩን በወሬ ሰማሁት፤ ታላቅ እኅቴ ግን በዓይኗ አይታዋለች። ስለዚህ የኑዛዜው ነገር ሲነሣ፣ «በሕይወቱ ያልተጠጋትን ሰው አሁን ምን አግኝቶ ነው ከጎኗ የሚተኛው? ያረፈውንም አትቀስቅሱት» ብላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። መቃብር ለመክፈት የልጆች ስምምነት ያስፈልጋል። እኔ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ይኼንኑ ነው፤ የሟች ሒሳብ ለማውጣት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው መስኮቴ ፊት የሚጣሉ ወንድምና እኅቶችን። እኔም አንድ ቀን በአጥንት እንደማልጣላ እርግጠኛ ነበርሁ።

ወደ ቁስቋም የወሰደኝ ይህ ነው። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ግን አፅም ማለት ለእኔ ማስፈራሪያ ብቻ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በዓለም ላይ አፅም ጌጥ የሆነባቸው ቤተ ክርስቲያናት እንዳሉ ሰምተህ ይሆናል። በቼክ አገር፣ ኩትና ሆራ በተባለች ከተማ አጠገብ፣ ሴድሌች በሚባል ሥፍራ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አፅም በአንድ ቤት ተከማችቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1870 ፍራንቲሼክ ሪንት የተባለ እንጨት ጠራቢ ከዚያ አጥንት ከጣሪያ የሚንጠለጠል ትልቅ መቅረዝ፣ የአንድ መኳንንት ቤተሰብም ዓርማ ሠራበት። በሮም የካፑቺን መነኮሳት ደግሞ የወንድሞቻቸውን አጥንት በግድግዳና በጣሪያ እንደ አበባ ደርድረውታል። ሥዕላቸውን በኮምፒውተር አይቼ ለረጅም ጊዜ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነበር። የእኛ አገር ልማድ ሌላ ነው። በላስታ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ የብዙ ሰው አፅምና በድን እንደወደቀ ይገኛል፤ በጣና ደጋ እስጢፋኖስም የነገሥታት አፅም በሣጥን ተቀምጧል። ጌጥ ያደረገው የለም፤ የነካካውም የለም። ትተውት፣ ጠብቀውት ይኖራሉ።

የቁስቋም ግንብ ፈርሶም ያምራል። እቴጌ ምንትዋብ ይህን ደብርና ቤተ መንግሥት ያሠሩት ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ፣ ለሕፃኑ ልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው አገር በሚገዙበት ዘመን ነው። ከግንቡ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም ይታያሉ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር በፈንጣጣ የታመሙትን የመሳፍንት ልጆች ያከመው። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አልተረፈችም፤ የዛሬው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ግቢው ከፋሲል ግቢ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አንድ አረጋዊ ካህን ቁልፍ ይዘው መጡ። ጫማዬን አውልቄ ተከተልኋቸው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ሣጥኑን አየሁት፤ መስታወት ያለው፣ ከጠበቅሁት በጣም ያነሰ ሣጥን። በውስጡ የሦስት ሰው አፅም አለ፤ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ።

ታሪካቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሲሞት ኢዮአስ ገና ልጅ ነበር። አያቱ እቴጌ የቋራ ዘመዶቻቸውን ይዘው፣ እናቱ ውቢት ደግሞ የየጁ ወገኖቿን ይዛ፣ ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ። ንጉሡም ወደ እናቱ ወገኖች አደላ። በዚህ ጠብ መካከል ከትግሬ የተጠራው ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1769ም ኢዮአስን አስገደለው። ያ ራስ ሚካኤል የእቴጌ የገዛ ልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ባል ነበር። አማች የልጅ ልጅን ሲያስገድል ያዩት እቴጌ እ.ኤ.አ. በ1773 አረፉ። አሁን ያ ሁሉ ወገን፣ ያ ሁሉ ኩርፊያ፣ ይኸው እዚህ ሣጥን ውስጥ አለ።

የማን አጥንት የማን እንደሆነ ለእኔ ዓይን አልለይ አለኝ።

«አባ፣ የእቴጌ የትኛው ነው?» አልሁ።

ካህኑ ወደ ሣጥኑ እንኳ አላዩም። «እግዜር ያውቃቸዋል፣ ልጄ። እኛ ስማቸውን ስንጠራ ሦስቱንም ባንድ ነው የምንጠራ» አሉኝ።

ውጭ ወጥቼ ከፈረሰው ግንብ ጥላ ሥር ተቀመጥሁ። ኪሴ ውስጥ ከወረቀቱ ጋር የባንክ ገቢ ማድረጊያ ቅጽ ነበረ፤ በጀርባው እነዚህን ሁለት መስመሮች ጻፍሁ፤

ጎንደር ሙሉ ግንቡ ጠቧቸው የኖሩ፣
በጠባብ ሣጥን ውስጥ ሦስት ሆነው አደሩ።

ከዚያ በሌላኛው ወረቀት ላይ ፈረምሁ።

ማታ ለእኅቴ ደውዬ ያየሁትን ነገርኋት። ስለ አባቴ አንድም ቃል አልተከራከርኋትም፤ የካህኑን መልስ ብቻ ነገርኋት። ዝም አለች። «ደህና እደር» ብላም ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን መስኮቴ ፊት ከተሰለፉት ደንበኞች መካከል አየኋት። ተራዋን ጠብቃ መጣች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ፣ «ወረቀቱን አምጣ» አለችኝ። ሰጠኋት። በክር በታሰረው የባንኩ እስክርቢቶ፣ ክሩ ስላጠረባት ጎንበስ ብላ ፈረመች። ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች ገንዘብ የምታወጣ መስሏቸው ይሆናል።

አፅሙ የተነሣው በእናቴ ሙት ዓመት ነው። አዲሱን ትንሽ ሣጥን እኔና እኅቴ በሁለት ወገን ያዝነው። በሥራዬ ከምሸከመው የሳንቲም ከረጢት የቀለለ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤታችንን ያጎበጠ ሰው እንዲህ ሲቀልል ማየት ያስደነግጣል።

ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት ካህኑ የሟቾቹን የክርስትና ስም ጠየቁን። የእናቴን ነገርኋቸው። የአባቴን ግን አላውቀውም። ለካ ባንድ ቤት አድገን፣ ስሙ የተጻፈበትን የባንክ ደብተር ሳይቀር በእጄ ይዤ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀውን ስሙን ጠይቄ አላውቅም። አፍሬ ዝም አልሁ።

«ኃይለ ማርያም» አለች እኅቴ።

ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኗን ከሣጥኑ ላይ አላነሣችም።

«እማማ በየዓመቱ ታስጠራው ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ዘጠኙንም ዓመት። ገንዘቡንና ስሙን ይዤ ወደ ደብሩ የምሄደው እኔ ነበርሁ።»

ካህኑ ሁለቱን ስሞች አስከትለው ጠሩ።