ተመክሮ ያልተሻለው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በድብርት ሕመም ተይዘው ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ለወራት የተመላለሱ ወጣቶች «ተናገርሁ፣ ተመከርሁ፤ ስለ ምን አልተሻለኝም?» ሲሉ እሰማለሁ። አንዳንዶቹ መልሱን ለራሳቸው ይሰጡና «እምነቴ ቢጎድል ነው» ብለው ከቅዳሴ ይቀራሉ። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህ መልስ ግን የተሳሳተ ነው።

ምክር ተመካሪው እንዲያስብ፣ እንዲያስታውስ፣ የተባለውንም በሳምንቱ እንዲሞክር ይጠይቃል። ድብርት ሲጸና ከእንቅልፍና ከምግብ ፍላጎት ጋር ይህንኑ ኃይል ይወስዳል። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ነቢዩም በልቶ ዳግመኛ ተኛ። በዚያ ምን እንደሚያደርግ የተጠየቀው ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ፣ በኮሬብ ነው (1ኛ ነገ. 19)። ጥያቄው ከእንጀራው በኋላ መጣ።

የአንዳንዱ ሰው ድብርት ከታይሮይድ ዕጢ መድከም ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህም ያለ ደም ምርመራ አይታወቅም። የሌላው ባይፖላር የተባለው ሕመም አንዱ ገጽ ነው፤ ሕክምናውም ይለያል። ሌሊቱን በጫት ለሚያነጋ ተማሪ፣ ባሏ ለሚደበድባት ሴትም ምክር ብቻውን ምን ያደርጋል?

ደግሞም በአገራችን ብዙ ሰው ኀዘኑን በሰውነቱ ይናገራል፤ «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይጨንቀኛል» ይላል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የተደረጉ ጥናቶች ድብርት ካለባቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ ሕመማቸው ሳይለይ እንደሚመለሱ አሳይተዋል። የቋንቋ ነገርም አለ። ከአርሲ ነገሌ መጥቶ በአዳማ የሚማር አንድ ወዳጄ የሚያለቅሰው በኦሮምኛ ነው፤ ምክሩ ግን በአማርኛ ነበረ። በአማርኛ ደግሞ ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ» ይላል! በኋላ የሥነ አእምሮ ሐኪም ፍሉኦክሰቲን አዘዘለት። መድኃኒቱ ሳምንታት ቆይቶ እንቅልፉን መለሰለት፤ ኦሮምኛ ከሚናገር አማካሪ ጋርም ያን ጊዜ መነጋገር ቻለ። ያው ምክር ነው፤ የሚቀበል ጉልበት ግን አገኘ።

መጽሐፈ ሲራክ (ምዕ. 38) ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ስለዚህ ጸበል የሚጠመቅ ወንድማችንን «ክኒኑን ተው» አንበለው። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ካለ ደግሞ ቀጣዩን የምክር ቀጠሮ አንጠብቅ፤ ብቻውን ሳንተወው በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል እንውሰደው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።