«አሻሮው አርሯል»

ወጣቱ መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ሳምንት ጠብቆ ነው ከአዲስ አበባ የተነሣው። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ፣ ሻንጣው ውስጥ በሹራብ የተጠቀለሉ ሦስት ጠርሙሶች ነበሩ። ከውጭ የመጣ ጓደኛው የሰጠው ጥቁር ቢራ ነው፤ ስታውት የሚባለው። ያውም ከትልቅ ፋብሪካ የወጣ ሳይሆን በትንሽ ቤት የተጠመቀ፣ አዲስ አበባ ላይ «ክራፍት» ሲባል ዋጋው የሚወደድ ዓይነት።

ጠርሙሶቹን ያመጣው ለአክስቱ ነው። አክስቱ ጠላ ይሸጣሉ። ደጃፋቸው ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አለ፤ ያን አይቶ ምን ቤት እንደሆነ የሚጠይቅ የጎጃም ሰው የለም። ገበያተኛውም፣ ግንበኛውም፣ ጡረተኛውም ጎንበስ ብሎ ይገባል።

ስጦታው ግን ባዶ ስጦታ አልነበረም። ወጣቱ እና ጓደኛው የአክስቱን ጠላ በጠርሙስ አሽገው አዲስ አበባ ለመሸጥ አስበዋል። ገንዘቡን ጓደኛው ያወጣል። የቀረው የአክስት እሺታ ነው። ጥቁሩ ቢራ የመጣው ለማሳመኛ ነው፤ የእርስዎን ጠላ የመሰለ መጠጥ ዓለም በምን ዋጋ እንደሚጠጣው ይዩት ለማለት።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲከፈት ቤት ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እና አንድ ግንበኛ። ለሰዎቹ በብርጭቆ ተቀዳ። አክስት ብርጭቆውን ገፋ አድርገው ሽክናቸውን አቀረቡ። አረፋው እስኪተኛ ጠበቁ፣ አሸተቱ፣ ጥቂት ተጎነጩና አፋቸው ውስጥ አቆዩት።

«አሻሮው አርሯል» አሉ። «ሳያውቁ አይደለም፣ ሆን ብለው ነው ያሳረሩት። ምሬቱ ከዚያ ነው እንጂ ጌሾ የለውም። ጋኑንም አላጠኑት። ጣፋጩ ደግሞ አላለቀም፤ ሳይበስል አወጡት መሰለኝ።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እኚህ ሴት ስታውት የሚባል መጠጥ በሕይወታቸው ቀምሰው አያውቁም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም አያነቡም። ነገር ግን የተናገሩት ስታውት እንዴት እንደሚሠራ ነው። የስታውት ጥቁረት እና ያ ቡና ቡና የሚለው ምሬት የሚመጣው እስኪጠቁር ከተቆላ ገብስ ነው። በ1817 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ዊለር የሚባል እንግሊዛዊ ብቅል ሳይቃጠል እስኪጠቁር የሚቆላበት የሚሽከረከር በርሜል ሠርቶ የባለቤትነት መብት አገኘበት። ከዚያ በኋላ የለንደንም የደብሊንም ጠማቂዎች በጥቂት ጥቁር ብቅል ብዙ ቢራ ማጥቆር ቻሉ። ጊነስ በ1759 ደብሊን ላይ ፋብሪካውን በዓመት 45 ፓውንድ ለ9,000 ዓመት ሲከራይ (አከራዩ ምን አስቦ እንደፈረመ እንጃ) ይህ በርሜል ገና አልተፈለሰፈም።

የጎጃም ሴት ያንኑ ሥራ የምትሠራው በምጣድ ነው። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ አሻሮ ይሆናል። ምን ያህል ይቆላ የሚለውን የሚወስነው አፍንጫ ነው። ከዚያ ብቅሉ አለ፣ ጌሾው አለ፣ ጥንስሱ፣ ድፍድፉ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ፈረንጁ መራራውን ከሆፕ አበባ ያገኛል፤ ሐበሻ ከጌሾ ቅጠልና እንጨት። አክስት «ጌሾ የለውም» ያሉት ልዩነቱን ምላሳቸው ስለያዘው ነው።

አገራችን ጥቁር ቢራ አታውቅም የሚል ወሬ የተለመደ ነው። እርግጥ በጠርሙስ ካየነው ትንሽ ነው። የሐረር ቢራ ፋብሪካ በከተማዋ አጠገብ ባለው ተራራ ስም ሐኪም ስታውት የሚል ቢራ አውጥቷል። ቦሌ ያለው ቢር ጋርደን እዚያው የሚጠምቀው «ኢቦኒ» የሚባል ጥቁር ቢራ አለው። የቀረው ገበያ በአብዛኛው የነጭ ቢራ ነው። ሆኖም የቢራ ፋብሪካ እዚህ አገር የገባው በ1922 እ.ኤ.አ. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ነው። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ሠርጉ፣ ደቦው ከዚያ በፊት ምን ይጠጣበት ነበር? በአሻሮ የጠቆረ የገብስ መጠጥ ነው። ለዚህ አገር እንግዳው ነጩ ቢራ ነው።

ወደ ቤቱ እንመለስ። መምህሩ መነጽራቸውን አውጥተው የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ። ቡና ይላል፣ ቸኮሌት ይላል፣ የተቆላ ገብስ ይላል። ከዚያ አንድ ቃል ላይ ቆሙ። «ላክቶስ። የወተት ስኳር ማለት ነው።»

ቀኑ ዓርብ ነበር።

ግንበኛው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። አክስት አማተቡ፤ ከዚያ የወንድማቸውን ልጅ አዩት። እሱ ደንግጦ ቃል አልወጣውም። ስለ ቢራው ያላነበበው ነገር አልነበረም፤ ከዚያች አንዲት ቃል በስተቀር። ጣፋጩ ያላለቀው ቶሎ ስለወጣ አልነበረም። የወተት ስኳርን የቢራ እርሾ አይበላውም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። አክስት ምክንያቱን ባይደርሱበትም ነገሩን ደርሰውበታል።

«ሳላውቅ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ» ብለው ሽክናውን አጠቡና የራሳቸውን ጠላ ቀዱ። ወጣቱ ይኼኔ ነው ሐሳቡን ያወጣው፤ ምናልባት ሰዓቱን አልመረጠም። አክስት ዝም ብለው ሰሙት።

«እኔ ምን ልሆን ነው?» አሉ።

«እቴቴ፣ እርስዎማ ምልክታችን ነዎት። ፎቶዎ ጠርሙሱ ላይ ይወጣል።»

«ፎቶዬስ ይውጣ። ጋኑን ማን ያጥነዋል?»

«ሠራተኛ እንቀጥራለን።»

ወጣቱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በያዘው ወረቀት ላይ የጠርሙስ፣ የመኪና፣ የማስታወቂያ ወጪ ሁሉ ሲሰፍር የአክስቱ ድርሻ የሚባል መስመር የለም። «ባህላዊ መጠጣችንን እናዘምን» የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሙያው «ባህል» ሲባል ባለቤት የሌለው ይመስላል። ያን ምላስ ያሠለጠነችው ሴት ግን «ጠላ ሻጭ» ተብላ ትናቃለች፤ ዕውቀቷም ነጻ ዕቃ ተደርጎ ይቆጠራል። ያው ሰው ውጭ አገር ቢሆን ኖሮ «ዋና ጠማቂ» ተብሎ ደመወዝ ይቆረጥለት ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ጠላ እንደ ቢራ ዝም ብሎ አይታሸግም። መፍላቱን ስለማያቆም ጠርሙስ ሊያፈነዳ ይችላል፤ ካልፈነዳም በቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል። በእሳት ቢያፈሉት ይቆያል፤ የሚሸጠው ጣዕም ግን ይጎዳል። የዚህ ሳምንቱ ጋን ካለፈው ሳምንቱ ጋር አንድ አይደለም። አክስት ይህን አይደብቁም። «ይኸኛው ጌሾው በርትቶበታል» ብለው ነው ለመምህሩ የቀዱላቸው። የራሱን ምርት እንዲህ ብሎ የሚያቀርብ ሻጭ ስንት ነው?

አቅርቦቱም አለ። ገብሱ የሚመጣው ከጮቄ ሥር፣ ከስናን ወረዳ ሮብ ገበያ ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ክልሉ በገባበት ጦርነት መንገድ ሲዘጋ የቢራ መኪና ይቀራል፤ ቢራ ጠጪውም ጣሳው ወደተደፋበት ደጅ ይመጣል። ችግሩ ጌሾውና ገብሱም በዚያው መንገድ መምጣታቸው ነው። ጠጪው ሲበዛ የሚጠመቀው ያንሳል። አክስት በእንዲህ ያለ ሳምንት ዋጋ ከመጨመር ቅራሪውን ማብዛት ይመርጣሉ፤ የወጣቱ ወረቀት ላይ ይህም የለም።

እሺም እንቢም አላሉትም። «ሰኞ እጠነስሳለሁ፤ ቆይና እየው» አሉት። ሰኞ ጠዋት ምጣዱ ተጣደ፣ ገብሱ ፈሰሰ፣ ማማሰያው ለወጣቱ ተሰጠው። እሳቸው ጋኑን ሊያጥኑ ወደ ጓሮ ወጡ። ስልኩ ጠራ፤ ጓደኛው ነበር፣ ምን አሉ እያለ። ወሬው ረዘመ።

አክስት ሽታው ደርሷቸው ሲመለሱ ገብሱ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከምጣዱ አንድ ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሩና፣

«ይኼ ለጠርሙሱ ይሁንህ» ብለው ሌላ ገብስ ሊያመጡ ገቡ።