ወፍጮው የማን ነው?



እኔ ዩኒቨርሲቲ የምማረው የኢኮኖሚ ትምህርት ነው። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ክረምት ሲገባ በአንድ የደጋ ቀበሌ ፊደልና ሒሳብ አስተምራለሁ። ኢኮኖሚ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። «ያለንን ነገር ለምን እናውለው?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ እናንተ ከእኔ በፊት ታውቁታላችሁ። አንድ ጆንያ ገብስ የቀረው ገበሬ፣ ልሽጠው? ልብላው? ወይስ ለዘር ላስቀምጠው? እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያድራል። እኛ ከመጽሐፍ የምንማረውን እርሱ መኝታው ላይ ሆኖ ይሠራዋል።

በመጽሐፋችን ውስጥ «የአካባቢ ልማት ዕቅድ» የሚባል ትምህርት አለ። ቃሉ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን አይከብድም። አንድ ወረዳ መንገዱን፣ ውኃውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ገበያውን አንድ ላይ ያያል። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል ብሎ ይወስናል። ዕቅድ ማለት ይህ ነው። ከየት ተነሥተን የት እንደርሳለን፣ በማን ገንዘብ፣ በማን ጉልበት፣ በስንት ጊዜ? ይህን በወረቀት ላይ ማስፈር ነው።

እኔ በማስተምርበት ቀበሌ ወፍጮ የለም። ወፍጮ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አህያ ያላት እናት ትጭናለች። አህያ የሌላት በጀርባዋ ታዝላለች። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ መሻገር የለም። ያን ጊዜ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ነው። ሴቶቹ ማታ ወደ ትምህርት ሲመጡ እጃቸው ዝሎ እርሳስ መያዝ ያቅታቸዋል። ፊደሉ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው።

በሰኔ ወር አንድ ሐሳብ ተነሣ። የቀበሌው ሰው ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ለምን የራሳችንን ወፍጮ አናቆምም? ሐሳቡን ሁሉም ወደደው። ገንዘብ እናውጣ ሲባል ግን ዝምታ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና፣ «ልጆቼ፣ አውጡ ስንባል ስንት ጊዜ አውጥተናል። መውጣቱን አይተናል፤ የገባበትን ግን አላየንም» አሉ። ማንም አልተቃወማቸውም።

በማግስቱ ማታ ከትምህርት በኋላ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። ከመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠረች ወረቀት ፈቱ። ከብዙ መታጠፍ የተነሣ ወረቀቷ አራት ቦታ ልትቆረጥ ደርሳለች።

«ላንብብልዎ እማማ?» አልኋቸው።

«የለም፤ እኔ ላንብባት፣ አንተ አድምጠኝ» አሉ።

ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። የገቢ ደረሰኝ። ብር ሁለት መቶ። ቀጥሎ ያለው ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መ። ዋ። ጮ። መዋጮ። ደግመው አነበቡት።

«ዕጣ የሚል የለባትም?» አሉኝ።

ወረቀቷን ተቀብዬ ፊቷንም ጀርባዋንም አየሁ። የለባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ሰዎች ከከተማ መጥተው፣ «ወፍጮ ይቆማል፤ ገንዘብ ያወጣ ሁሉ ባለቤት ይሆናል» ብለው ገንዘብ ሰበሰቡ። እኒህ እናት በግ ሸጠው ሰጡ። ወፍጮው ከወንዙ ማዶ ቆመ። እርሳቸው ግን ዛሬም እዚያ ሲያስፈጩ እንደ ማንም ሰው ይከፍላሉ። ከትርፉ አንዲት ሳንቲም ደርሳቸው አታውቅም። አንድ ቀን ይጠሩኛል ብለው ደረሰኟን ሲጠብቁ ኖረዋል። ያን ዕለት ማታ ራሳቸው አንብበው ራሳቸው ፈረዱ። «እንግዲህ ስጦታ ኖሯል» አሉ። ወረቀቷን አጣጥፈው መልሰው ቋጠሯት። በር ላይ ደርሰው ዘወር አሉና፣ «ስጦታ ነው ቢሉኝ እኮ እሰጥ ነበር» አሉኝ።

ያን ሌሊት ስለ ሦስት ወረቀቶች ትምህርት አዘጋጀሁ። እናንተም እወቋቸው። ሦስቱም ገንዘብ ከእጃችን ሲወጣ የሚሰጡን ናቸው። ሦስቱም ማኅተም አላቸው። ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ።

አንደኛው የመዋጮ ደረሰኝ ነው። መዋጮ ስጦታ ነው። ገንዘቡ ለሰጪው አይመለስም። የሰጪው መብት ገንዘቡ ለተባለው ሥራ መዋሉን መጠየቅ ነው። መዋጮ ክፉ ነገር ነው እንዳትሉ። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ተሰብስበው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አስወጡ። ብሩ ወደ ማንም ኪስ አልተመለሰም። ግን መኪና ገባ፤ ታማሚ ወደ ሐኪም ወጣ፤ እህልና ቆጮ ወደ ገበያ ደረሰ። ሰጪዎቹ ስጦታ መሆኑን አውቀው ሰጡ፤ መንገዱንም በዓይናቸው አዩ።

ሁለተኛው ቦንድ ነው። ቦንድ ብድር ነው። ቦንድ የገዛ ሰው አበዳሪ ይሆናል። ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡ ይመለስለታል። የዓባይ ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጀመር መንግሥት ለሕዝቡ ቦንድ ሸጠ። ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከምርቱ ገዛ። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ገዙ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከገዢዎቹ ጎን በስጦታ የሰጡም ብዙ ነበሩ። ስለዚህ በሣጥናችሁ ያለውን ወረቀት አውጥታችሁ እዩት። ቦንድ የሚል ከሆነ የተጻፈበትን ቀን አንብቡ። የመመለሻው ጊዜ እዚያው ላይ አለ።

ሦስተኛው የዕጣ ወረቀት ነው። ዕጣ ሲባል አንዳንዶቻችሁ ዕቁብ ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። የዕቁብ ዕጣ ተራ ነው፤ ለአንዱ ዛሬ ይወጣል፣ ለሌላው ነገ። በኅብረት ሥራ ማኅበር ዕጣ ማለት ግን የባለቤትነት ድርሻ ነው። በከተማ ባሉ ኩባንያዎች አክሲዮን ይሉታል። ዕጣ የገዛ ሰው ከወፍጮው ላይ ድርሻ አለው። ሲያተርፍ ይካፈላል፤ ሲከስርም ኪሳራው ይነካዋል። ይህን ሁለተኛውን ነገር ገንዘብ ሰብሳቢዎች ቶሎ አይናገሩትም። በኩባንያ ብዙ አክሲዮን ያለው ሰው ብዙ ድምፅ አለው። በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። አራት ጥንድ በሬ ያለውም፣ አንዲት ዶሮ ያላትም እጃቸውን የሚያወጡት አንድ አንድ ጊዜ ነው። እኔ ለገጠር የሚሻለው ይኸኛው ነው ባይ ነኝ።

«የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ትልቅነቱን እዩ።

በአርሲ ጭላሎ የሚባል አውራጃ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በዚያ አንድ ታላቅ የልማት ሥራ ጀመሩ። ማዕከሉ አሰላ ነበር። ሰዎች ካዱ ይሉት ነበር። አንድን አካባቢ ለይቶ በዕቅድ ማልማት በአገራችን በሰፊው የተሞከረው ያን ጊዜ ነው። ምርጥ የስንዴ ዘር መጣ። ማዳበሪያ በብድር ተሰጠ። የወተት ላሞች ተዳቀሉ። መንገድ ተሠራ። ስንዴው ያለ ጥርጥር በዛ።

ግን መሬቱ የማን ነበር? ያን ጊዜ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። መሬቱ የባላባት ነው። ጭሰኛው ያርሳል፤ ከምርቱ ለባለ መሬቱ ያካፍላል። ስንዴው ሲያፈራ ባለ መሬቶች መሬቱ ገንዘብ እንደሚያወጣ አዩ። «ለምን ራሴ አላርሰውም?» አሉ። ትራክተር አስገቡ። ትራክተሩ ሲገባ ጭሰኛው ተነቀለ። አባቱ ካረሰው ማሳ ልጆቹን ይዞ ወጣ። የስንዴው ዋጋ ጥሩ በነበረበት ዓመት እርሱ ቤት አልነበረውም።

ያን ዕቅድ ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ብድሩን ለጭሰኛውና ለአነስተኛ ገበሬ ለመስጠት ደክመዋል። ጭሰኛን ከመነቀል የሚጠብቅ ሕግ ይወጣል ተብሎም ቃል ተገብቶ ነበር። ሕጉ ግን አልወጣም። ምክር ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት ብዙዎቹ ባለ መሬቶች ነበሩ፤ በራሳቸው ላይ ለምን ይፍረዱ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ። በፊት የተነቀሉት ግን ያለፈው አልፎባቸዋል። እኔ ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ሳነብ የስንዴውን ቁጥር አጠናሁ፤ ፈተና ላይ የሚመጣው እርሱ ነው። አሁን የምጠይቀው የተነቀለው ሰው የት ገባ እያልሁ ነው።

ወደ ወፍጮአችን እንመለስ። በሒሳብ ትምህርት ሰዓት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ወፍጮ አቆምን። ቁጥሩን ያወጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ለመማሪያ ያህል ነው፤ የወፍጮ ዋጋ ገና ከሦስት ሻጭ ይጠየቃል። 120 አባወራ 500 ብር ቢያወጣ 60,000 ብር ይሆናል። በቀን 30 ሰው 20 ብር እየከፈለ ቢያስፈጭ 600 ብር ይገባል። ለናፍጣና ለወፍጮ ሠራተኛ 400 ብር ይወጣል። 200 ብር ይቀራል። አንድ ጎልማሳ፣ «በወር ሃያ አምስት ቀን ይሠራል» አለ። 25 ጊዜ 200፣ 5,000 ብር። 60,000 ለ5,000 ሲካፈል 12። «በዓመቱ ገንዘባችን ተመለሰ!» ብሎ አጨበጨበ።

ሴቶቹ ሳቁበት። አንዷ፣ «አንተ በዓል አታከብርም እንዴ? በሚካኤል ማን ያስፈጫል? በማርያምስ? በእሑድስ?» አለችው። ቆጠሩ። በዓላቱና እሑዶቹ ሲወጡ፣ ወንዙ ማዶ የገበያ ቀን የሚሄዱት ሲቀነሱ፣ ደህና ሥራ የሚኖረው 15 ቀን ነው አሉ። 15 ጊዜ 200፣ 3,000። አሁን 20 ወር ሆነ። ቀጥሎ ባለ ደረሰኟ እናት ተናገሩ። «ሐምሌና ነሐሴን ረሳችሁ። ጎተራው ባዶ ነው። ምን ሊፈጭ ነው?» ከዚያ ደግሞ የወፍጮው ድንጋይ ያልቃል፤ ሞተሩ ይሰበራል፤ ለጥገና የሚቀመጥ ያስፈልጋል። ስሌቱ ከሁለት ዓመት በላይ ወጣ። የትኛውም ፕሮፌሰር ይህን ስሌት ከእነርሱ የበለጠ አይሠራውም። በሐምሌ የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ አያውቅማ!

500 ብር የሌለውስ? ይህ ጥያቄ ሁለት ማታ ወሰደብን። አንዳንዱ፣ የሌለው ይቅር አለ። ሌሎች፣ ወፍጮ ቤቱ ድንጋይና አሸዋ ይፈልጋል፤ የቀን ሥራው በብር ተተምኖ ዕጣ ይጻፍለት አሉ። ክርክሩ ጠነከረ። በመጨረሻ የጉልበቱ ሐሳብ አለፈ። ግን አንድ ነገር ተጨመረበት። የሠራው ቀን በዚያው ዕለት በመዝገብ ይጻፋል፤ ሠራተኛውም አይቶ ይፈርማል። ጣት በቀለም መንከር የለም። ስሙን መጻፍ የማይችል በዚህ ክረምት ይማራል።

ገንዘብን በራስ እጅ መያዝ አይቻልም የሚል ካለ ይህን ይስማ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት እርዳታ የመጠጥ ውኃ ሥራ በአዲስ መንገድ ተሠርቷል። የሥራው ገንዘብ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ይሰጥ ነበር። ኮሚቴው ሲሚንቶ ይገዛል፤ ግንበኛ ይቀጥራል፤ ሒሳብ ለሕዝቡ ያቀርባል። መንደሩም ከራሱ ገንዘብና ጉልበት ይጨምራል። የወረዳው ባለሙያ ይመክራል እንጂ ገንዘቡን አይዝም። ብዙ ጉድጓዶች በዚህ መንገድ ተቆፍረዋል።

የወረዳ ነገር ከተነሣ አንድ ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። ሐምሌ 1። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው በዚህ ቀን ነው፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። ወፍጮው የእኛ ነው። ወንዙ ላይ የሚሠራው ድልድይ ግን ከእኛ አቅም በላይ ስለሆነ የወረዳው ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት። ሰኔ ላይ ድልድይ ብሎ መጮኽ ዋጋ የለውም፤ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። ጥያቄው በበጋ፣ ዕቅድ በሚወጣበት ጊዜ፣ በጽሑፍ መድረስ አለበት። ስንት ሰው ይሻገራል? ወንዙ ስንት ወር ይሞላል? ስንት ልጅ ከትምህርት ይቀራል? ይህ ሁሉ ተቆጥሮ ይጻፍ። ደብዳቤው ሲገባ የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ። ቁጥር ያለው ደብዳቤ አልደረሰኝም አይባልም።

ይህን ስጽፍ 74 አባወራ ለወፍጮው ተመዝግቧል። አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመርጧል፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ባለ ደረሰኟ እናት ገንዘብ ያዥ ሁኑ ሲባሉ እምቢ አሉ። ተቆጣጣሪ አድርጉኝ ብለው እርሱን ተቀበሉ። በመተዳደሪያ ደንቡ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «ዕጣ» የሚለው ቃል በትልቁ እንዲጻፍ ያደረጉትም እርሳቸው ናቸው።

በሚመጣው ሳምንት የምንማረው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። ደብተራችሁን በሦስት ዓምድ አስምራችሁ ኑ። በአንደኛው ራስ ላይ ገቢ፣ በሁለተኛው ወጪ፣ በሦስተኛው ቀሪ ብላችሁ ጻፉ።