ያርኮንን ተከትሎ እስከ ባሕር

የአሥራ አንድ ዓመቷ የልጅ ልጄ ከእስራኤል ደውላ «አባባ፣ ስትመጣ በብስክሌት ባሕሩ ድረስ እንሄዳለን» ካለችኝ ወዲህ የያርኮንን ወንዝ ካርታ ሳጠና ሰነበትኩ።

ያርኮን ረጅም አይደለም። ሮሽ ሃአይን አጠገብ ፈልቆ፣ ቴል አቪቭ ላይ ሜዲትራኒያን እስኪገባ እየተጠማዘዘ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የምንነሳው ከምንጮቹ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በሌሊት ከተወሰደባት ከአንቲጳጥሪስ ፍርስራሽ አጠገብ ነው። ከ1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ውሃው በቧንቧ ወደ ደቡቡ በረሃ ስለተወሰደ ወንዙ ደክሞና ቆሽሾ ነበር፤ ያገገመው ኋላ ነው።

ዳገት የለም ማለት ይቻላል። የሚያደክመው ነፋሱ ነው፤ በሞቃት ወራት ከረፋድ በኋላ ከባሕሩ ፊት ለፊት ይመጣል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ እንነሳለን። የላይኛው መንገድ አፈር ስለሆነ ሰፋ ያለ ጎማ ያላቸው ብስክሌቶች እንከራያለን። ውሃ፣ ዳቦ ቆሎና የጎማ መጠገኛ እንይዛለን፤ የራስ ቁር ለሁለታችንም።

«ሰባቱ ወፍጮዎች» የሚባሉት የድሮ የውሃ ወፍጮዎች ጋ ስንደርስ እናርፋለን። የእሷ እግር ወይም የእኔ ጉልበት እምቢ ካለ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ እናቷ በመኪና ትመጣለች። ካልሆነ ባሕሩ ዳር ትጠብቀናለች።

እኔ ዕብራይስጥ አልችልም፤ የእሷም አማርኛ ስልክ ላይ ቶሎ ያልቅባታል። ጎን ለጎን ስንጓዝ ግን የዛፉን፣ የድልድዩን፣ የወፉን ስም መጠየቋ አይቀርም። እኔም የዕብራይስጡን እጠይቃታለሁ።