እጃችን ረዘመ፣ ዝግባውም ወፈረ

አቤት ያ ዝግባ! ከ38 ዓመት በፊት እኔና ታናሽ እህቴ ግንዱን ለማቀፍ ሁለት መሆን ነበረብን። እኔ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ፤ ጉንጫችንን ቅርፊቱ ላይ ለጥፈን፣ ክንዳችንን የቻልነውን ያህል ዘርግተን፣ በግራም በቀኝም የጣቶቻችን ጫፍ ሲነካካ «ደረሰ! ደረሰ!» እያልን ግቢውን በጩኸት እንሞላው ነበር። ባለፈው ጥር እህቴ ከምትኖርበት አገር ለጥምቀት መጣች። ሻንጣዋን በረንዳው ላይ ጥላ፣ እናታችንን እንኳ በቅጡ ስማ ሳትጨርስ፣ በቀጥታ ወደ ዛፉ! ተከተልኳት። ሁለታችንም አርባን አልፈናል፤ ክንዳችን የትልቅ ሰው ክንድ ነው። አቀፍነው። የጣቶቻችን ጫፍ እንደ ያኔው በግራም በቀኝም ነካ አለ፤ አንዲት ጋት አልተረፈንም፣ አንዲት ጋት አልጎደለንም። እኛ ስናድግ እሱም ከእኛ እኩል ሲያድግ ኖሯል! «ደረሰ!» ብላ ጮኸች እህቴ፤ ድምጿ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ።

ቤታችን ኦልድ ኤርፖርት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በልደታ በኩል ስለነበረ ነው። አውሮፕላኖቹ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው፤ ስሙ ግን ቀርቷል። ግቢው ሰፊ፣ ቤቱ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ የድሮ ቪላ ነው። ዛፎቹ ግን! በሩ ላይ ወይራ፣ ጓሮ የሐበሻ ጥድ፣ መኪና መግቢያው ጎን ጃካራንዳ፣ ማድ ቤቱ አጠገብ ዋንዛ፣ መሀል ላይ እሱ፣ ዝግባው። ጃካራንዳው ሲያብብ መሬቱ ሐምራዊ፣ የአባቴ ቮልስዋገን ጣሪያ ሐምራዊ፣ ከውጭ ስንገባ ፀጉራችን ሐምራዊ! ዋንዛው ነጭ አበባውን ሲያወጣ ንብ ይወረዋል፤ ፍሬው ሲበስል ደግሞ ጣታችንና ከንፈራችን እንደ ሙጫ ይጣበቃል። እናቴ ከወይራው የደረቀ ቅርንጫፍ ሰብራ የወተት ዕቃዋን ታጥንበታለች፤ የዚያን እርጎ ሽታ አሁን ስጽፍ እንኳ አፍንጫዬ ላይ አገኘዋለሁ። የዝግባው ፍሬ ክብና ጠንካራ ስለሆነ ብያችን ነበር፤ ኪሳችን ሁሌም ሙሉ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «የሊባኖስ ዝግባ» ሲባል ስንሰማ የእኛ ዛፍ የተጠራ እየመሰለን እንኮራ ነበር። የሊባኖሱ ሌላ ዛፍ መሆኑን ያወቅኩት አድጌ ነው፤ ኩራቱ ግን አልቀነሰም።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ዛፍ ይወድ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ግንዶቹን ሁሉ እስከ ወገባቸው ኖራ ይቀባል፤ እኛ ባልዲ ያዦች ነን። ቅርንጫፍ ሲያስቆርጥ ከግንዱ ጋር ልሙጥ ሆኖ፣ አንዳች ጉብታ ሳይቀር እንዲቆረጥ ያዛል፤ ከዚያ ቁስሉ ላይ የዘይት ቀለም ይቀባል። የወይራው ግንድ መቦርቦር ሲጀምር ደግሞ አንድ ቅዳሜ ሲሚንቶና አሸዋ አስመጣ። ከአትክልተኛው ጋር አብረው አቦኩ፣ ጉድጓዱን እስከ አፉ ሞሉት፣ በማንኪያ ደለደሉት። ሳይደርቅ አባቴ በሚስማር «1979» ብሎ ጻፈበት። እኔና እህቴ ከቁጥሩ ሥር መዳፋችንን አተምን። የዚያን ቀን ደስታ! ከሞት አፋፍ ላይ የነበረ ሽማግሌ ያዳንን ነበር የመሰለን፤ ማታ እንቅልፍ አልወሰደንም።

ይህ ሁሉ የተደረገው በፍቅር ነው፤ በዚያ ዘመን በሌላውም ዓለም የዛፍ ተንከባካቢዎች ሲሚንቶ ይሞሉ፣ ቁስል ይቀቡ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ነገር እናውቃለን፤ ያወቅንበት ቀን ከዚያ ቅዳሜ ባልተናነሰ ደስ ብሎኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ የነሐሴ ሌሊት፣ ከግቢያችን ግራቪሊያ አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ጣሪያችን ላይ ወደቀ። ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል፣ ቅርንጫፉ ግን ለነፋስ ቶሎ ይሰበራል። በማግስቱ የሰፈሩ ምክር አንድ ሆነ፦ «ሁሉንም አስቆርጡና ተገላገሉ!» እናቴ እሺ ልትል ትንሽ ቀርቷት ነበር። እኔ ወንዶ ገነት ደን የተማረች አንዲት ወጣት ባለሙያ ጠራሁ። መጋዝ አልያዘችም፤ የእንጨት መዶሻ ነው የያዘችው። በየግንዱ ዙሪያ እየዞረች ቀስ ብላ እየመታች ጆሮዋን ታስጠጋለች። ወይራው «ዱብ» ሲል «ውስጡ ባዶ ነው» አለችን። እናቴ «ወይኔ ልጄ፣ ሞቷል ማለት ነው?» አለች። «ኧረ እማማ፣ በሕይወት አለ!» ብላ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን።

ከዚያ ያስረዳችንን ስሰማ እንደ ልጅ ልቤ ዘለለ። የዛፍ ሕይወት ያለው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ንጣፍና በአጠገቡ ባለው እንጨት ነው። የመሀሉ እንጨት ድሮም የሞተ ነው፤ የሚያገለግለው ለጥንካሬ ነው። ስለዚህ ውስጡ ባዶ የሆነ ግንድ እንደ ቱቦ ይቆማል። ባለሙያዎች በመነሻነት የሚጠቀሙበት ልኬት እንኳ አለ፦ ከመሀል እስከ ዳር ካለው ርቀት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ያህል ጤነኛ እንጨት በዙሪያው ካለ ብዙውን ጊዜ ይሸከማል። የኛ ወይራ ከዚያ በላይ አለው!

ስለ ቁስልም ነገረችን። አሌክስ ሺጎ የተባለ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ሳይንቲስት በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ውስጣቸውን አየ። ያገኘው ነገር የዓለምን ዛፍ አከረካከም ቀየረ። ዛፍ እንደ ሰው የቆሰለ ሥጋውን አያድንም፤ የተጎዳውን ክፍል አጥሮ ይለየዋል፣ ከአጥሩ ውጭ አዲስ እንጨት ያበቅላል። አጥሩ በደንብ የሚሠራው ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት አበጥ ያለ አንገት ላይ ነው። ልሙጥ አድርጎ መቁረጥ ማለት ያንን አንገት አብሮ መቁረጥ ነው። ቀለሙም መበስበስን አይከለክልም።

አሁን በየበጋው ከእሷ ጋር እንሠራለን፤ እኔ መሰላል ያዥ ነኝ። ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ነው የሚወርደው፦ መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከሥር ትንሽ፣ ቀጥሎ ከላይ እስኪወድቅ፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ከአንገቱ ውጭ። የመጀመሪያው ከተዘለለ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይገሸለጣል። ከሽማግሌ ዛፍ ላይ የደረቀውንና የሚያሰጋውን ብቻ እናነሳለን፤ ለምለሙ ቅጠል ምግቡ ነው። አናቱን መቁረጥ በፍጹም አይሞከርም፤ ከዚያ የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ሥር ሳይሰድ ከላይ የተለጠፈ ስለሆነ ሲከብድ ይገነጠላል። ክረምት ሲወጣ ደግሞ ግንዱ ሥር የጅብ ጥላ በቅሎ እንደሆነ፣ ባዘነበለበት ተቃራኒ በኩል አፈሩ ተሰንጥቆ እንደሆነ እንመለከታለን።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሥሩ ነው። እኔ የዛፍ ሥር እንደ ሚስማር ወደ ታች የወረደ ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው የሚመግበው ሥር ያለው ከላይ ባለው ከግማሽ ሜትር ብዙም በማይበልጥ አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከጥላው አልፎ ይሄዳል። ማለት፣ ልጅ ሆነን ብይ ስንጫወት ዝግባው ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ ነበር! ሰፈራችን ውስጥ ግቢያቸውን ግንዱ ጥግ ድረስ በሲሚንቶ ያነጠፉ አሉ። ሥር አየር ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል። ከአንድ ጎረቤት ግቢ የነበረው ጃካራንዳ ወለሉ በተነጠፈ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከጫፉ ጀምሮ ደረቀ፤ ያን ሐምራዊ ጣሪያ ከእኛ በረንዳ ሆነን ስናየው ላደግን ሁሉ ሐዘን ነው። እኛ ጋ የረገፈውን ቅጠል ማቃጠል ቆሟል። እንደ ጉዝጓዝ ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይነጠፋል፤ ግንዱን ግን አያስነካም፣ እርጥበቱ ቅርፊቱን እንዳያበሰብስ።

አዲስ አበባ እኮ በዛፍ የጸናች ከተማ ናት! በምኒልክ ጊዜ ማገዶው አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራሊያ ዘሩ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ከተማዋን እዚሁ አቆያት። ችግኝ መትከልን እናውቅበታለን፤ በየክረምቱ ስንተክል ሳይ ደስ ይለኛል። የተከሉልንን ማቆየት ግን ገና አልለመድንም፤ ይህ ይቆጨኛል።

የወይራው ሲሚንቶስ? ባለሙያዋ «አትንኩት» አለች። ዛፉ ከተላመደው በኋላ መጎልጎል እንደገና ማቁሰል ነው። ወይራው ራሱ መልስ እየሰጠ ነው፤ የጉድጓዱ ከንፈር ከግራም ከቀኝም አዲስ እንጨት እያበቀለ እየዋጠው ነው። ከ«1979» የግራውን 1 እና የቀኙን 9 ውጧቸዋል። አሁን የሚነበበው «97» ነው። የእህቴ መዳፍ ግማሹ ይታያል። ባለፈው ጥር የአሁኑን መዳፏን ሄዳ ጫነችበትና «ሞቅ ይላል!» አለችኝ፤ እኔም ነካሁት፣ ፀሐይ ያሞቀው ነበር።

በድሮ ግቢ የምትኖሩ ሁሉ፣ እባካችሁ፦ መጋዝ ከመጥራታችሁ በፊት ባለሙያ ጥሩ፤ ግንዱ ጥግ ድረስ ሲሚንቶ ካለ አስነሱለት። ዛሬ ማታ ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡና ዛፋችሁን ስንት ሆናችሁ እንደምታቅፉት ለኩ። ቁጥሩንም ከነቀኑ ጽፋችሁ አስቀምጡላቸው።