ከጉራራ ዳገት ሥር

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ መኪናን ደጃፍ ላይ መጠገን ይቻላል፤ ፈታኙ ግን የጉራራ ዳገት ነው። ጎረቤታችን የአሮጌ ኮሮላውን የራዲያተር ውሃ ራሱ ቀይሮ፣ ኮፈኑን ዘግቶ ሽቅብ ወጣ። ብዙም ሳይርቅ ጌጁ ቀይ ነካ፤ እንፋሎቱ ተትጎለጎለ።

«ቴስታታው ተቃጥሏል!» ብሎ ፈረደ አንዱ መንገደኛ። (በእኛ ሰፈር መኪና ሲቆም ሐኪም አይታጣም።)

«ቆይ እስቲ» አሉ ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ። «ሂተሩን ክፈተው።»

ቀዝቃዛ አየር ነፈሰ። ሞተሩ እየነደደ ሂተሩ ከቀዘቀዘ ውሃው አይዞርም ማለት ነው፤ ወይ ጎድሏል፣ ወይ ሲሞላ አየር ታምቆበታል። ጎረቤታችን እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ።

«ተው አንተ! መጀመሪያ ይብረድ።»

ሲበርድ ክዳኑን አገላብጠው አዩት፤ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነው ሰፈራችን ግን በ92 ገደማ። ያንን ጉድለት የሚሸፍነው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ካላፈነ የብዙ መኪና ፋን ገና ሳይነሳ ውሃው ይንተከተካል።

«ጋሼ፣ ተርሞስታቱንስ ላውጣው?»

«ምን በደለህ?»

እውነታቸውን ነው። ተርሞስታት አውጥቶ መጣል ፈሊጥ ሆኗል፤ ትርፉ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ነዳጅ መፍጀት ነው።

አዲስ ክዳን ተገዛ። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገቱ አቅንተው፣ ሞተሩን አስነስተው ቀስ እያሉ ውሃ ጨመሩ፤ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ።

«አረፋው አላቆም ካለ ያኔ ቴስታታ እንላለን» አሉ።

አቆመ።