«ፈተና ላይ አይመጣም»

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መጥታ «አባባ፣ ይሄን እየው» አለችኝ። አሜባ ፓራሚሲየም ስትውጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። አራት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ወዳጆቼ፣ አልደብቃችሁም፤ 27 ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር አሜባ ስትንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም ነበር። የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ እንዳይሰበር ተብሎ ተቆልፎበት ነው የኖረው። እኔ ሰሌዳ ላይ ቅርጽ የሌለው ነገር እስላለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ።

እኛ አገር አሜባ ሲባል ሁሉም ሆዱን ነው የሚይዘው። ክፍል ውስጥም «ቲቸር፣ እኔም ነበረብኝ!» የሚል አይጠፋም። የሆዷ ሌላ፣ የኩሬዋ ሌላ ናት እላለሁ። ከዚያ «አሜባ ምግቧን በሐሰተኛ እግሮቿ ከብባ ትውጣለች» ብዬ አጽፋለሁ። አለቀ።

አንድ ቀን መስኮቱ ጋ የሚቀመጥ የ8ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ዓይን የላትም፣ አፍንጫ የላትም፣ ምላስ የላትም። ታዲያ ምግብ መሆኑን በምን አወቀች?»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ተቀመጥ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ። ዓመቱ እስኪያልቅ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

እውነቱን ልናገር? መልሱን አላውቀውም ነበር።

ዘግይቼም ቢሆን ይኸውልህ ልጄ። አሜባ ምላስ የላትም፤ መላ አካሏ ግን እንደ ምላስ ነው። ሽፋኗ ላይ ኬሚካል የሚለዩ ፕሮቲኖች አሉ። ባክቴሪያ ሲነካት፣ ወይም ከሱ የወጣ ኬሚካል በውሃው ሲደርሳት፣ እነሱ ወደ ውስጥ መልእክት ያስተላልፋሉ። ያኔ ሰውነቷ ወደዚያ ይፈስሳል፤ ግራና ቀኝ ከብቦ ከትንሽ ውሃ ጋር ይዘጋበታል። የተዋጠው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይገባል፣ ኢንዛይም ይፈጨዋል፣ ያልተፈጨው ተመልሶ ይወጣል። ሆድ የላትም፤ ሲያስፈልጋት ትሠራለች እንጂ።

አንተም ውስጥ ይሄው አለ። ነጭ የደም ሴሎችህ ጀርም የሚውጡት በዚሁ መንገድ ነው። ሜችኒኮፍ የሚባል ተመራማሪ በ1882 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ፣ ሜሲና ላይ፣ የኮከብ ዓሣ እጭ ላይ እሾህ ሰካ። ባዕድ ነገር ሲገባባቸው ሴሎቹ ምን ያደርጋሉ? ብሎ ነው። በማግሥቱ ሲያይ እሾሁን ከበውታል። በ1908 ኖቤል ተሸለመ። ጥያቄው ካንተ ጥያቄ ብዙም አይርቅም። እኔ ግን «ተቀመጥ» አልኩህ።

ስምህ ጠፍቶኛል፤ ፊትህ ግን አልጠፋኝም። ይሄን ካነበብክ ይቅርታ አድርግልኝ።

ከተማሪዎቼ መሃል ዛሬ አስተማሪ የሆናችሁ አላችሁ። ልጅ የማታውቁትን ሲጠይቃችሁ «አላውቅም፣ ነገ አብረን እንየው» በሉት። እኔ ያቃተኝ እሷው ነበረች።

መልካም ሰንበት!